«ይህ መኪና አያሞቅም»፦ ከናፍጣ መኪናዬ ጋር የታገልኩባቸው ዓመታት

1,690 ዩሮ ከፍዬ ያልጠፋችው የመኪናዬ የማስጠንቀቂያ መብራት በመጨረሻ በ165 ዩሮ ጥገና ጠፋች። ይህን የምጽፈው ያቺው መብራት ዛሬ ማታ በርታባችሁ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ «አሁን ደግሞ ስንት ልከፍል ነው?» ለምትሉ ነው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ዓመታቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። የምሠራው አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ውስጥ ሲሆን ፈረቃዬ የሚጀምረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ባቡር መጠበቅ ሰለቸኝና በኖቬምበር 2020 ያገለገለ የናፍጣ መኪና ገዛሁ። የ2016 ስሪት፣ ዩሮ 6 የሚባለው የአውሮፓ የጭስ ልክ ደረጃ ያለው፣ 118,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ዋጋው 9,400 ዩሮ። በወቅቱ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ፎልክስዋገን የጭስ ምርመራን በሶፍትዌር ማጭበርበሩ ከተጋለጠበት ከ2015ቱ ቅሌት በኋላ፣ በተለይም የጀርመን ፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2018 ከተሞች የናፍጣ መኪና ማገድ ይችላሉ ብሎ ከወሰነ ወዲህ፣ ብዙ ሰው ከናፍጣ ሸሽቷል። ሰው የሸሸውን በርካሽ እገዛለሁ፣ ነዳጁም ከቤንዚን ይረክሳል አልኩ።

ሁለት ስሕተት በአንድ ቀን ሠራሁ። የመጀመሪያው፣ ከቤቴ እስከ ሥራዬ ያለው ርቀት ሰባት ኪሎ ሜትር መሆኑን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሁለተኛው፣ አምስት መቶ ዩሮ ለማትረፍ ብዬ ከነጋዴ ሳይሆን ከግለሰብ ገዛሁ። ጀርመን ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ለጉድለቱ ተጠያቂ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ብልሽት ቢወጣ፣ መኪናው ሲሸጥ ደኅና እንደነበር ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ግለሰብ ግን በውሉ ላይ «እንዳለ ተሽጧል» ብሎ ይጽፍና ይሰናበታችኋል። እኔም ፈርሜ ቁልፉን ተቀበልኩ።

መብራቷ መጀመሪያ የበራችው በጃንዋሪ 2021 ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ምልክት ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ። ባለቤቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት ስታደርስ ቆይታ ስትመለስ «ይህ መኪና አያሞቅም» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጃኬት ልበሺ አልኳት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የመብራቷ ትርጉም የጥቀርሻ ማጣሪያው፣ መካኒኮች በአጭሩ ዲፒኤፍ የሚሉት፣ እየሞላ ነው የሚል ነበር። ነገሩን እኔ በገባኝ መንገድ ላስረዳ። የናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ያወጣል። ጭሱ ከማርሚታው ከመድረሱ በፊት ማጣሪያው ጥቀርሻውን ይይዘዋል። ማጣሪያው ሲጠግብ መኪናው ራሱ ተጨማሪ ናፍጣ እየረጨ የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ያደርሰውና ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል። ይህ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ ሞተሩ በደንብ መሞቅ፣ መኪናውም መንገድ ላይ መሆን አለበት። ሰባት ኪሎ ሜትር ነድቶ ማጥፋት ማለት ከሰል አቀጣጥሎ ገና ሳይግል ውኃ እንደ መድፋት ነው። በየቀኑ እንዲሁ ሲደረግ ጥቀርሻው ይከመራል። ክምችቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ መኪናው ማቃጠሉን ራሱ እምቢ ይላል፤ ያን ሁሉ ጥቀርሻ በአንዴ ቢያቀጣጥል ማጣሪያውን ሊያቀልጠው ይችላልና። ከዚያ በኋላ በጋራዥ ኮምፒውተር ማስገደድ ብቻ ነው የሚቀረው።

የመጀመሪያው ጋራዥ አስገድዶ አቃጠለልኝ፤ 120 ዩሮ። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ መብራቷ ተመለሰች። ሁለተኛው ጋራዥ የግፊት መለኪያ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ቀየረው፤ 190 ዩሮ። አሥራ አምስት ቀን ሠራ። በማርች የመኪናው የሁለት ዓመት ምርመራ፣ ሁላችንም ቱፍ የምንለው፣ ደረሰብኝ። የሞተር መብራት በርቶ ማለፍ የለም። ቀን አጥሮብኝ ስለነበር «ኢጂአሩ ነው፣ እርግጠኛ ነን» ሲሉኝ ሳላንገራግር እሺ አልኩ። ኢጂአር የሚባለው የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ነው፤ በጥቀርሻ መደፈኑ የተለመደ ስለሆነ ምክንያታቸው አሳማኝ ነበር። 740 ዩሮ ከፈልኩ። ቱፍን አለፍኩ። በጥድፊያ የሚደረግ ጥገና ሁልጊዜ ውድ ነው፤ የምርመራ ቀናችሁ ሁለት ወር ሲቀረው መኪናችሁን አሳዩ።

ከዚያ ያታለለኝ ነገር መጣ። አፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን፣ መብራት የለም። ኦገስት፣ የለም። «ኢጂአሩ ነበር ማለት ነው» ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ፤ አንዱንም ኢጂአር አስቀየርኩት፤ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ኖቬምበር ላይ ብርዱ ሲገባ መብራቷ ተመልሳ መጣች። እንደገና ማስገደድ፣ 120 ዩሮ። በዲሴምበር ማጣሪያው ተፈትቶ ወደ ማጠቢያ ተላከ፤ 520 ዩሮ። ታጥቦ የመጣው ማጣሪያ እንደ አዲስ ነበር፤ ወረቀትም ተሰጠኝ። በፌብሩዋሪ 2022 እንደገና ሞላ።

በሙቀት ወራት ደኅና፣ በብርድ ወራት ታማሚ። ይህን በወረቀት ላይ ጽፌ ቀኖቹን ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ኖሮ ያኔውኑ ይገባኝ ነበር። ሁሉም ጋራዥ የሚያየው የመኪናው ኮምፒውተር ያወጣውን የዕለቱን የብልሽት ኮድ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከመኪናው ጋር የኖርነው እኛ ነን። ስለዚህ መብራት የበራበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የውጭውን ሙቀት፣ ምን ያህል ነድታችሁ እንደነበር ጻፉ። ሃምሳ ሳንቲም የሚያወጣ ደብተር ይበቃል።

በዚያ ወር ነው ፈተናው የመጣው። የአገር ልጅ የሚያውቀው ሰው «350 ዩሮ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ» አለኝ። ማጣሪያውን ከፍቶ ውስጡን ባዶ ያደርግና ኮምፒውተሩን ማጣሪያ እንደሌለ ያሳምነዋል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም በስልክ «እዚህ እኮ ቆርጠው ጥለውት ነው የሚነዱት፤ አንተ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቀጠሮ ይዤ ነበር። የመለሰኝ ሕግ ፍራቻ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ማጣሪያ የወጣለት መኪና መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ከታክስና ከኢንሹራንስ ጋርም ያጣላል። ከሕጉ በኋላ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። መኪናዬን የማቆመው ልጆቼ ከሚተኙበት መስኮት ሥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በ2012 የናፍጣን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ገደማ በዚያ መስኮት ሥር ቀዝቃዛ ሞተር የማስነሳው እኔው ነኝ። ቀጠሮውን ሰረዝኩ።

መፍትሔው የመጣው ካሰል ያሉ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ ስንሄድ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ስድስት ዲግሪ ነበር። በአውራ ጎዳናው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንነዳ ባለቤቴ ብርድ ልብስ ደርባ፣ ልጆቹም ጓንት አድርገው ነበር። ረጅም ቁልቁለት ላይ የሞተር ሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ባለቤቴም አየችው። «ሞተሩ ራሱ በርዶት ነው እኛን የሚያሞቀው?» አለች። እየሳቀች ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ስንመለስ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው አንድ ጀርመናዊ መካኒክ ጋር ሄድኩ፤ ጋራዣቸው ትንሽ ናት፣ ቀጠሮም በግድ ነው የሚሰጡት። ደብተር ስላልነበረኝ በቃሌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮዱን እንኳ አላነበቡም። የሌላ መሣሪያ ገመድ ሰኩና «ይንዱ» አሉኝ፤ አጠገቤ ተቀምጠው ቁጥሮቹን ሲያዩ ግማሽ ሰዓት ዞርን። የሞተሩ ውኃ ሙቀት 61 ዲግሪ ላይ ቆመ። ከዚያ አልወጣም።

ጥፋተኛው ቴርሞስታት ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ብዙ ጊዜ ዘጠና ዲግሪ ሲጠጋ የሚከፈት፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ዕቃ ነው። የእኔው በከፊል ተከፍቶ ደርቋል። በሙቀት ወራት ሞተሩ እንደ ምንም ይሞቃል፤ በብርድ ወራት ግን ራዲያተሩ ሙቀቱን እየበላው ሞተሩ ከስድሳዎቹ አይዘልም። የእኔ መኪና ኮምፒውተር ደግሞ ውኃው ሰባ ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ማቃጠሉን አይጀምርም። ስለዚህ አዲሱ ሴንሰር፣ አዲሱ ኢጂአር፣ የታጠበው ማጣሪያ ሁሉም ደኅና ነበሩ፤ የተጠየቁትን ሥራ የሚሠሩበት ሙቀት ግን አልነበረም። «መርፌው ለምን ብዙ ጊዜ መካከል ላይ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «መርፌው ሹፌሩን ለማረጋጋት ነው የተሠራው» አሉኝ። በብዙ መኪና ላይ የውኃው ሙቀት ሲወጣና ሲወርድም መርፌው ያው መካከል ላይ ይቆማል።

ቴርሞስታቱ ከነእጅ ሥራው 165 ዩሮ ወጣበት። ዘይቱንም አስቀየሩኝ፤ መለኪያ ዘንጉ ላይ የዘይቱ ልክ ከላይኛው ምልክት አልፎ ነበር፣ ሲሸትም ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። የተቋረጠ ማቃጠል ሁሉ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ያንጠባጥባል፤ የቀጠነ ዘይት ሞተርና ቱርቦ ይበላል። የዘይት ልክ ሲቀንስ ሁላችንም እንደነግጣለን፤ በናፍጣ መኪና ግን ሲጨምር ነው ይበልጥ መደንገጥ ያለባችሁ። የዘይቱ ዓይነትም ዋጋ አለው። ማጣሪያ ያለው መኪና አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ይፈልጋል፤ ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ የዘይት አመድ ግን አይቃጠልም፤ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል። የመኪናችሁ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ለጋራዡ አሳዩና ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉት ጠይቁ። የእኔ የድሮ ደረሰኝ ላይ «ዘይት» ብቻ ነበር የተጻፈው።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዩሮ የማይሞላ ኮድ ማንበቢያ ገዝቼ ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። ኮድ ማንበቡ ትንሹ ጥቅሙ ነው። ትልቁ ጥቅም የውኃውን ሙቀት፣ የጥቀርሻውን መጠን፣ ከመጨረሻው ማቃጠል ወዲህ የተነዳውን ርቀት እየነዱ ማየት መቻል ነው። ይህን የሚያሳይ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ማንበቢያ ባይኖራችሁም መኪናው ሲያቃጥል ራሱ ይናገራል፦ ቆሞ ሲሠራ የሞተሩ ዙር ከወትሮው ከፍ ይላል፣ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ ራሱን ማጥፋት ይተዋል፣ የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል፣ ስታጠፉት ማራገቢያው እየጮኸ ይቀራል። በዚያ ጊዜ ቤታችሁ ደጃፍ ደርሳችሁ እንኳ ቢሆን አታጥፉት፤ አሥር ደቂቃ ዙሩ። እኛ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጭሩ መንገድ ወደ ቤት መሄድ ትተን በኤ5 አውራ ጎዳና እስከ ዳርምሽታት ደርሰን እንመለስ ነበር። ልጆቹ «ዛሬም መኪናውን ልናንሸራሽር ነው?» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር መብራት አልበራም። በዚህ ምክንያት ራሴን እንደ መካኒክ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ታሪክ የመጣውም ከዚህ ነው።

በኖቬምበር 2023 ዳሽቦርዱ «ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ አይነሳም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ይህ አድብሉን የሚመለከት ነው። አድብሉ ከ32.5 በመቶ ዩሪያና ከንጹሕ ውኃ የተሠራ ፈሳሽ ሲሆን ጭሱ ላይ ተረጭቶ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን መርዝ ወደ ናይትሮጅንና ውኃ ይለውጠዋል። የአውሮፓ ሕግ ይህ ሥርዓት ካልሠራ መኪናው እንዳይነሳ ያስገድዳል፤ ቁጥሩ ዜሮ ደርሶ ሞተሩን ካጠፋችሁት ጎታች መኪና ነው የሚወስዳችሁ። ኮዱ የኋላው የኖክስ፣ ማለትም የናይትሮጅን ኦክሳይድ መለኪያ፣ ሴንሰር ተበላሽቷል ይል ነበር። እኔ ግን «ኮድ አያታልለኝም» አልኩ። ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት የቆየ አድብሉ ስለጨመርኩ ጥፋቱ የእሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። አድብሉ እርግጥ በሙቀት ቦታ ከቆየ ይበላሻል፤ ጥርጣሬዬ ከንቱ አልነበረም። አዲስ ጨመርኩ፣ ክዳኑ ላይ የደረቀውን ነጭ ጨው በሞቀ ውኃ አጠብኩ፣ ጠበቅኩ። ሦስት ሳምንት አባከንኩ። ቁጥሩ 140 ሲደርስ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ሮጥኩ።

ሴንሰሩን ለኩት፤ ሞቷል። 430 ዩሮ። «ኮዱን አይመኑ አላልኩዎትም፤ ይለኩ ነው ያልኩዎት» አሉኝ።

ስለ አድብሉ ሁለት ነገር ልጨምር። ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ ታንኩ የራሱ ማሞቂያ ስላለው መኪናው አይቸገርም፣ በረንዳ ላይ ያስቀመጣችሁት ጀሪካን ግን ይረጋል። ሁለተኛው የጓደኛዬ ነገር ነው። ደክሞት ሌሊት ማደያ ቆሞ አድብሉን ናፍጣ ታንክ ውስጥ ቀዳ። ደግነቱ ቁልፉን ሳያዞር ደወለልኝ። ታንኩ ተገልብጦ ታጥቦ በጥቂት መቶ ዩሮ ተገላገለ። አንዴ አስነስቶት ቢሆን ኖሮ ፈሳሹ እስከ ነዳጅ ፓምፑና መርጫዎቹ ይደርስ ነበር፤ ያ ሂሳብ ወደ መኪናው ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። እንዲህ ከሆነባችሁ ቁልፉን አትንኩ፤ መኪናውን በእጅ ገፍታችሁ ዳር አውጡት።

በማርች 2025 ቱፍ ደረሰ። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ጀርመን የዩሮ 6 ናፍጣ መኪናዎችን የምትመረምረው በጭሱ ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች በሚቆጥር መሣሪያ ነው፤ ወሰኑ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 250,000 ቅንጣት ነው። የእኔው 3,000 እንኳ አልሞላም። መርማሪው ወረቀቱን ሲሰጠኝ ያ የ350 ዩሮ ቀጠሮዬ ትዝ አለኝ፤ ያኔ ማጣሪያውን አስወጥቼው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን መኪናውን በጎታች ነበር የማስወጣው።

ቢሆንም በሜይ ሸጥኩት። ሰባት ኪሎ ሜትር ለሚመላለስ ሰው ናፍጣ ልኩ አይደለም፤ ያን ሁሉ እሑድ መንሸራሸር መኪናውን እንጂ እኛን አላዝናናንም። የገዛኝ ሰው በየቀኑ ማንሃይም የሚመላለስ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ሰው አሁንም ናፍጣ እመክራለሁ። ደረሰኞቹን ሁሉና ደብተሬን ከቁልፉ ጋር ሰጠሁት።

አሁን ያለችን ትንሽ የቤንዚን መኪና ናት። ልንገዛት የሄድን ቀን ነጋዴው ስለ ዋጋ ሊያወራን ሲጀምር ባለቤቴ ሞተሩን አስነስታ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ እጇን አየር መውጫው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት ያህል አልወጣችም። ነጋዴው ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። እኔም «ይጠብቁ፣ ገና አልጨረሰችም» አልኩት።